ለቅድስት ክላራ የተወሰዱ እንቁላሎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኤቬሊዮ፣ ባሕር ማዶ፣ ሮዛሪዮ ከተማ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እግርህስ እንዴት ነው? ቁስሉ ደረቀልህ ወይስ አሁንም ጫማ አላስገባ ብሎሃል? ስኳሩን ሐኪሙ እንዳዘዘህ ትተኸዋል ወይስ እንደ ልማድህ በሰው ፊት ትተህ ጓዳ ገብተህ ትልሳለህ? ግራሲዬላ ደኅና ናት? ልጆቹስ? እናንተ ጋ ክረምቱ አልፎ ሊሞቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብርዱ ደረትህን ሳይነካው እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ። ድምፅህን ከፋሲካ ወዲህ ስላልሰማሁ ጥያቄ ባበዛብህ አትታዘበኝ።

እኔ ከጉልበቴና ከግራ ዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። ኤል ሮብላር ግን ደኅና አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ አላየንም፤ አንተ ትዋኝበት የነበረው የታችኛው ምንጭ ደርቆ ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ትምህርት ቤቱ በበጋው ተዘጋ። የዳቦው መኪና አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። በእኛ መንገድ ሲመሽ መብራት የሚታየው በእኔና በሌዎናርዳ ቤት ብቻ ነው፤ እሷም ልጇ ወደ ማድሪድ ሊወስዳት ነው።

በፋሲካ በስልክ ያልከኝን አልረሳሁም። የክላራ ገዳም ሊዘጋ ነው ይባላል ብዬ ስነግርህ «ሂጂና እህታችንን አምጫት። አልመጣም ካለችም ኤቬሊዮ ይቅር በይኝ ብሎሻል በያት» አልከኝ። ሄጃለሁ። የሆነውን በቃሌ ልነግርህ ብዬ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ መልሼ ዘጋሁት። እንደሆነው እጽፍልሃለሁ፤ አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው።

የሄድነው በኖኤሊያ ሠርግ ምክንያት ነው። የልጄ የዳሪዮ ልጅ ኖኤሊያ በሚመጣው ወር ታገባለች። ምሳው ሜዳ ላይ ስለሚበላ እናቷ ቻሮ «ዝናብ ቢመጣ ምን ይውጠናል?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች፤ ዓመቱን ሙሉ ጠብ ያላለው ዝናብ ያቺን ቀን ብቻ የሚጠብቅ ይመስል። ሙሽራ ለክላራ ገዳም እናቶች እንቁላል ከወሰደች በሠርጓ ቀን ሰማዩ ይጠራል የሚባለውን መቼም አትረሳውም። እንግዲያው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ገዳሙ ወዳለበት ወደ ቶሬልባ እንሂድ አለ፤ ግንቡን እናያለን፣ የመስፍኑን ቤተ መንግሥት እናያለን፣ ምሳ እንበላለን፣ እንቁላሉንም እናደርሳለን። እኔን የጠሩኝ ዶሮዎቹ የእኔ ስለሆኑ ይመስለኛል። ቶሬልባ በመኪና አንድ ሰዓት አትሞላም። እኔ ግን እህታችን ሩፊና ገዳሙ ከገባች በኋላ ከእናታችን ጋር አንዴ ብቻ ሄጄ፣ «ሥራ ይዣለሁ» ብላ ከእንግዳ ጋር ወደሚነጋገሩበት ፍርግርግ ሳትወጣ ከቀረች ወዲህ፣ እዚያ ከተማ እግሬ ረግጦ አያውቅም።

ልጆቼ መነኩሴ አክስት እንዳለቻቸው ያውቃሉ፤ የት እንዳለች ጠይቀውኝ አያውቁም። ስለቱንም አያውቁም። አንተ ታውቃለህ። በዚያ የረሃብ ዘመን አንተ በትኩሳት ስትቃጠል እናታችን ከአንዲቷ ዶሮ የሚገኘውን እንቁላል ለአንተ ብቻ ታስቀምጥ ነበር። እኔና ሩፊና በእናታችን ሻል መርፌ ቁልፍ እየበሳን፣ እኔ ግማሹን እሷ ግማሹን እየመጠጥን፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገን ጎጆው ውስጥ እንመልሰው ነበር። እናታችን ባዶውን ቅርፊት ስታነሳ፣ ሰማይ እጁን ዘጋብኝ፣ ልጄን ሊወስደው ነው አለች፤ በቅድስት ክላራ ሥዕል ፊት ተንበርክካም ልጁ ከዳነ ከሴት ልጆቼ አንዷን እሰጥሻለሁ ብላ ተሳለች። በማግስቱ ትኩሳትህ ለቀቀህ። ይህን ቪጎ ወደብ ላይ መርከብህን ስንጠብቅ ስነግርህ መጀመሪያ ሳቅህ፣ ከዚያ ሻንጣህ ላይ ተቀመጥክ። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለቱ የእኔ እንደነበረም ታውቃለህ። ጨው ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀምኩት እኔ ነበርኩ፤ እናታችንም «መነኩሴ ማንበብ አለባት፣ ኦብዱሊያ ትሄዳለች» ብላ ቆርጣ ነበር። እኔ ግን ገና ሳንጋባ ከሴፌሪኖ አረገዝኩ። ሩፊና፣ ፊደል የማትለየው፣ ሳቋ ከሜዳው ማዶ የሚሰማው፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ በእኔ ፋንታ ገባች። ያ ልጄም ሳይጠመቅ ሞተ። ደብዳቤ ብጽፍላት የሚያነብላት ሌላ ሰው ስለሆነ፣ መጻፍ የነበረብኝን አንድም ጊዜ አልጻፍኩላትም። ለገና ማር እልክ ነበር፤ ማሩም መልስ አልነበረው።

እንግዲህ የዛሬ ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አሥራ ሁለት እንቁላል በገለባ ሸፍኜ ቅርጫቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። ለማንም ሳልናገር የኋላውን ክፍል ኖራ ቀብቼ፣ አዲስ ፍራሽ አስገብቼ ነበር። ቻሮ አይታ «እንግዳ ይመጣብዎታል እንዴ እማማ?» ብትለኝ ለሠርጉ ነው አልኳት።

ከረፋዱ በኋላ ደርሰን ገዳሙ በር ላይ ብንቆም ተዘግቷል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አይከፍቱም የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እንግዲያው ከተማውን እንይ ተባለ። ዳሪዮ ቅርጫቱን መኪና ውስጥ ተይው አለኝ፤ በዚያ ፀሐይ ይበላሻል ብዬ እምቢ አልኩ። ስለዚህ ግንቡ ላይ ስወጣም ስወርድም እንቁላል ተሸክሜ ነበር። ቻሮ በየማማው ሥር እያቆመች ፎቶ ታነሳናለች። «ይሳቁ እንጂ እማማ፣ ቀብር የመጡ እኮ ነው የሚመስሉት!» ትለኛለች። ኖኤሊያ «ተያት፣ አያቴ ስትስቅ እንደዚህ ናት» አለቻት። ከላይ ሆኜ የገዳሙን ግድግዳ አየሁት። መስኮቶቹ ከፍ ብለው በእንጨት ፍርግርግ ተሸፍነዋል። ሽመላዎቹ ስለሄዱ በደወሉ ማማ ላይ የቀረው የጎጆ ጭራሮ ብቻ ነው።

የመስፍኑ ቤተ መንግሥት በር ላይ ጠባቂው አስቆመኝ። «እናቴ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ምንድነው?» አለኝ። እንቁላል አልኩት። «ለመስፍኑ ከሆነ ዘግይተሻል፤ ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎታል» አለ። ዳሪዮ ደግሞ «አትፍራት፣ የምትወረውረው በሚያውቃት ሰው ላይ ነው» አለው። ተሳሳቁ። እኔን ከነቅርጫቴ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውኝ ገቡ። ለሩፊና የምላትን ቃል አዘጋጀሁ። ቶሎ ብዬ ካልተናገርኩ እንደምፈራ አውቃለሁና ሦስት ነገር ብቻ ልበላት ብዬ ወሰንኩ፤ ነይ ቤት እንግባ፣ ኤቬሊዮ ይቅር በይኝ ብሎሻል፣ እኔንም።

ምሳ ላይ የተጠበሰ ጠቦት ቀረበ። አስተናጋጇ ቅርጫቱን አይታ «ለክላራ እናቶች ነው? ፍጠኑ እንግዲህ፣ የቀሩት አራት ናቸው። ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ ወደ ሰሜን ይወስዷቸዋል፣ ከሌሎች ጋር ይቀላቅሏቸዋል። ቤቱ ሆቴል ሊሆን ነው» አለች። ዳሪዮ «መነኩሴ በተኛችበት ክፍል ሙሽሮች ሊያሳድሩ!» ብሎ ሲስቅ ቻሮ በክርኗ ጎሸመችው። ሳህኔን ገፋ አደረግሁት። ከቀሩት አራት ሰዎች ውስጥ ሩፊና መኖሯን እንኳ አላውቅም ነበር፤ አስተናጋጇን ለመጠየቅም ድፍረት አጣሁ።

የገዳሙ በር ሲከፈት ገባን። ያን ጨለማ ክፍል ታስታውሰዋለህ፤ ሰምና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ግድግዳው ውስጥ እንደ በርሜል ቆሞ የሚዞረው የእንጨት መቀበያም እንደነበረ ነው፤ ውጭ ያለው እቃውን ያስቀምጣል፣ ውስጥ ያለችው ታዞረዋለች፣ መተያየት የለም። ኖኤሊያ የደወሉን ገመድ ሳበች። ቆይቶ የእግር ጎተት ጎተት ተሰማ፣ ከዚያ ሻካራ የአሮጊት ድምፅ «ንጽሕት ማርያም ሆይ» አለ። ቻሮ ዳሪዮን አየችው፣ ዳሪዮ ኖኤሊያን። ምን ተብሎ እንደሚመለስ አንዳቸውም አያውቁም። «ያለ ነውር የተፀነስሽ» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ድምፅዋን አላወቅሁትም። ይህን ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል፤ ግን አላወቅሁትም። ሌላ መነኩሴ መስላኝ ስለ ሩፊና እንዴት እንደምጠይቃት ነበር የማስበው።

«ስንት አምጥታችኋል?» አለች። ኖኤሊያ አሥራ ሁለት ናቸው አለቻት። «ከሱቅ ነው ከዶሮ?» አለች። «ከአያቴ ዶሮዎች።» «ጎሽ። የሱቁን ቅድስት ክላራ ታውቅበታለች። ቀኑ መቼ ነው? ሰዓቱስ? ከምሳ በኋላም ሜዳ ላይ የምትቆዩ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሪ፤ ለጠዋት ብቻ ጸልየንላቸው ከሰዓት ዘንቦባቸው መጥተው የተቆጡን አሉ» አለች። ኖኤሊያ እየሳቀች እስከ ማታ ነው አለቻት። «እስከ ማታ ከሆነ አሥራ ሁለት ጥቂት ነው፤ ግድ የለም፣ አማልዳለሁ። ስምሽን ማን ልበል?»

«ኖኤሊያ ቴሄይሮ።»

ከዚያ «የየት አገር ቴሄይሮ?» አለች። ኖኤሊያ አባቴ የኤል ሮብላር ሰው ነው አለቻት። «የሴፌሪኖ ዘር ነሽ?» «የልጅ ልጁ ነኝ! አባባን ያውቁታል እንዴ እማሆይ?» «በመንገድ ሲያልፍ ያፏጭ ነበር» አለች።

ያን ጊዜ አወቅኋት። የእንጨቱን ጠርዝ ያዝኩ። ኖኤሊያ በደስታ «አያቴም እዚህ ናት! አያቴ ነይ፣ ሰላም በያት!» ትለኛለች። ዳሪዮ ፊቴን አይቶ «ምን ሆንሽ እማዬ?» አለ። «አክስትህ ናት። ውጡልኝ» አልኩት። ወጡ። ቻሮ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችውም፤ ይሁን።

«ኦብዱሊያ» አለች ከውስጥ። «አርጅተሻል። ትንፋሽሽ እስከዚህ ይሰማል።» አንቺም አልኳት። «እኔ አላረጀሁም፣ እዚህ መስተዋት የለም» አለች።

ሌላ ነገር ሳላስገባ ነይ ቤት እንግባ አልኳት። የኋላው ክፍል ኖራ ተቀብቷል፣ መስኮቱ ወደ በለሷ ያያል፣ ከእኔ በቀር ማንም የለም አልኳት። ሴፌሪኖስ ብላ ጠየቀችኝ። ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው አልኳት። «ዘጠኝ ዓመት» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ብቻሽን ሆነሽ፣ ዛሬ እንቁላል ይዘሽ መጣሽ። እሱንም ለሙሽራ።»

ከዚያ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ እንደ ሥራ ነገር አድርጋ ነገረችኝ። ከአራቱ ሁለቱ አልጋ ላይ ናቸው። እማሆይ ፔትራ ስሟንም አታውቅም፤ ሩፊናን እናቴ እያለች ትጠራታለች፣ ከእሷ እጅ ካልሆነም አትበላም። የገዳሙ አለቃም ዓይኗ አያይም። «የማነሳቸውም የማጥባቸውም እኔ ነኝ። ማንበብ ስለማልችል ከመጀመሪያው ያስገቡኝ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ነው፤ እነሱ ሲዘምሩ እኔ ድስት እፍቃለሁ። አሁን መዝሙሩ አልቆ ድስቱ ቀረ። ወደ ሰሜን ስንሄድ ማን ያነሳቸዋል?» አለች። እነሱ ሲያልፉስ ያን ጊዜ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ያን ጊዜ እኔን የምታነሳ ትገኛለች፣ ወይም አትገኝም። ከዚህ አልወጣም ኦብዱሊያ። የምወጣበት ዓመት ነበረ፣ ያኔ የመጣ ሰው አልነበረም» አለች።

ከዚያ ሳልጠራህ እሷው ጠራችህ። «ልጁስ?» አለችኝ፤ እናታችን ትጠራህ እንደነበረው። አለ፣ ሮዛሪዮ ነው፣ ወልዷል፣ የልጅ ልጅ አይቷል፣ ስለቱን ሲያስብ ያመዋል፣ ይቅር በይኝ ብሎሻል አልኳት።

«ወፍሯል?» አለች።

ወፍሯል፣ ስኳርም ይዞታል አልኳት። ሳቀች ኤቬሊዮ። ያው ሳቋ ነው፣ መጨረሻው ሽቅብ የሚሄደው፤ ምንም አልሆነም። «እሰይ! ለቀጭን ሰው ቢሆን ኖሮ ይቆጨኝ ነበር» አለች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። ያለቀሰች መስሎኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም፣ እንጨቱ ወፍራም ነው።

እኔስ ብዬ ጠየቅኋት። ምን እንደጠየቅኋት ገብቷታል። «ሙሽራዋን አታስጠብቂ፤ እንቁላሉን አምጪ» አለችኝ። ቅርጫቱን አስቀመጥኩ፣ እንጨቱ እየጮኸ ዞረ። እንቁላሉን እያነሳች ሳህን ላይ ስትደረድር ይሰማኛል። ከዚያ ጸጥ አለ። ትታኝ የሄደች መስሎኝ ግንባሬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ቆይቶ መልሶ ዞረ። ቅርጫቱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ የአስኳል ጣፋጭ አለ፣ ከጎኑም ገለባው ላይ አንድ እንቁላል። «ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አለችና የውስጡን መዝጊያ ዘጋችው። ደወሉን መልሼ አልሳብኩም።

በመኪናው ወደ ቤት ተመለስን። ከድልድዩ ካለፍን በኋላ ቻሮ አላስችል ብሏት «አንዱን ለምን መለሱት እማማ? አሥራ አንድ ብቻ ከሆነ ዝናቡን ያቆመዋል?» አለችኝ። ኖኤሊያ እጇን ሰዳ አነሳችው። «ባዶ ነው! አያቴ፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ በመርፌ ተበስቷል!» አለች። ዳሪዮ «ርቧቸው ጠጥተውት ነዋ፣ ምስኪኖች» አለ። እንቁላሉን ከልጅቷ እጅ ተቀብዬ ገለባው ላይ እንደነበረው መለስኩት፣ ቀዳዳውን ወደ ታች። ዳሪዮ በመኪናው መስተዋት አየኝ።

ቅርፊቱን የኋላው ክፍል መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ነፋስ እንዳይጥለው መስኮቱን አልከፍትም። ጠዋት ገብቼ ሳየው አንዳንድ ቀን «ሁለታችንም ጠጥተናል፣ ብቻሽን አትሸከሚው» ያለችኝ ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «ግማሹን አንቺ ጠጣሽ፣ ዋጋውን ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ» ያለችኝ ይመስለኛል፤ የዚያን ቀን ቁርስ አይበላልኝም። አንተ ከሁለታችን ጋር ያደግህ ነህና እንዴት እንደሚታይህ ጻፍልኝ። ልታጽናናኝ ብለህ ግን አትጻፍ። በኖቬምበር ወር ይወስዷቸዋል። ወዴት እንደሆነ ዳሪዮ ጠይቆ ሊነግረኝ ቃል ገብቷል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬውን ቀነስ አድርጎ በየማታው ይደውልልኛል። እስኪወስዷቸው ድረስ እንደገና እሄዳለሁ፣ ወደ ሰሜንም ቢሆን ጉልበቴ እስከፈቀደ እሄዳለሁ። አትከፍትልኝ ይሆናል። ብትከፍትም ወደ ቤት እንደማትመጣ አውቃለሁ፤ ፍራሹን ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፣ የሚተኛበት የለም።

ግራሲዬላን ሳሚልኝ፣ ስለ እግርህ የምትቆጣህን ያህል እኔም ከዚህ እንደምቆጣህ ንገራት። ኦስካርን ሥራው እንዴት ሆነልህ በልልኝ። ሚርታን ሕፃኑ ጥርስ አበቀለ ወይ በላት፤ ፎቶውን ከምድጃው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ትንሹን ሁጎ፣ አሁን ትንሽ ባይሆንም፣ በግንባሩ ሳምልኝ። ዳሪዮና ቻሮ እጅ ይነሱሃል፤ ኖኤሊያ ጣፋጩን ለሠርጉ ቀን አስቀምጣዋለች፣ አንድ ለአንተ ይቀራል ትላለች። ሌዎናርዳ ሳትሄድ ሰላም በዪልኝ ብላኛለች። ሩፊናም ሰላም ብላሃለች ብዬ ልጽፍልህ ነበር። አላለችም። ያለችው «ወፍሯል?» ነው።

እህትህ ኦብዱሊያ

ኤል ሮብላር፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1998